መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ስልክ

ሰውየው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ፣ የጥሪ ዝርዝሩን ከፍቶ፣ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ማታ 1 ሰዓት ከ10 ላይ፣ የመጨረሻው 1 ሰዓት ከ40 ላይ። ሰባቱም አልተነሱም።

«ገንዘብ መልሱልኝ አላልኩም» አለ። «ሚስቴን ምጥ ይዟት ነበር። ‹ሲጀምራት በዚህ ቁጥር ደውሉ፣ አዋላጇን አዘጋጅተን እንጠብቃለን› ያላችሁን እናንተ ናችሁ። ለምን እንዳልተነሳ ብቻ ንገሩኝ።»

ሲስተር ደነገጠች። «ወንድሜ፣ እኔ ማታ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ይሄ ስልክ አንድም ጊዜ አልጠራም።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ ደግሞ የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ጠዋት «ስልኩን መጥተህ እየው» ተብዬ የተጠራሁት ለዚህ መሆኑን ያወቅኩት እዚያው ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ ዞር ብላ አየችኝ። ስልኮቹን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የመብራት ምንጫቸውን የመረጥኩትም እኔ።

ቶሎ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ፤ ባልየው ተስፋ ሲቆርጥ ታክሲ ጠርቶ ሌላ ሆስፒታል ወስዷታል። ልጁ በሰላም ተወልዷል፣ እናትየዋም ደህና ናት። ግን «ደህና ሆነ» ማለት «ጥፋት አልነበረም» ማለት አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺን ጠዋት ስላልረሳኋት ነው።

የዝምታው ምክንያት

ክሊኒኩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ 14 የጠረጴዛ ስልክ አለው። ስልኮቹ አይፒ ስልክ የሚባሉት ናቸው። ድምፅን ልክ እንደ ቴሌግራም ጥሪ በኢንተርኔት ገመድ የሚያስተላልፉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሏቸው። ኮምፒውተር ደግሞ ያለ መብራት ምንም ነው።

መጀመሪያ ስገጥም ዋጋ ለመቀነስ ብዬ ተራ ስዊች ገዛሁ። ስዊች ማለት የሁሉም ስልክ ገመድ የሚገናኝበት ሳጥን ነው። ተራ የሆነው ዳታ እንጂ መብራት አይሰጥም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስልክ አንዳንድ አዳፕተር ገዝቼ በየጠረጴዛው ሥር ባለው ዲቫይደር ላይ ሰካሁ። ስዊቹን ደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ክፍል አስቀመጥኩት። ሠራ። ፈርመው ከፈሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ያን ማታ መብራት ሄደ። ጋሼ፣ ጥበቃው፣ ወዲያው ጀነሬተሩን አስነሱ። ኮሪደሩ በራ፣ ማዋለጃ ክፍሉ በራ፣ የላቦራቶሪው ፍሪጅ ሥራውን ቀጠለ። ችግሩ ጀነሬተሩ የሚያበራው እነዚህን መስመሮች ብቻ መሆኑ ነው። የእንግዳ መቀበያው ሶኬትና የዕቃ ክፍሏ ሶኬት ሌላ መስመር ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሲገጠም «ይሄ ሶኬት ጀነሬተር አለው ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ክፍሉ ብርሃን ነው፣ ስልኩ ግን ሞቷል። ማንም ልብ አላለውም። የሞተ ስልክና ማንም ያልደወለበት ስልክ አንድ ዓይነት ናቸውና፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሲስተር «ዛሬ ጸጥ ያለ ማታ ነው» ብላ ተቀምጣለች። በሌላኛው ጫፍ አንድ አባት ለሰባተኛ ጊዜ ይደውላል።

ዳንቴል የለበሰው ስልክ

ለእናንተ ስልክ ማለት ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ነው። እኔ ግን ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠውን ደርሼበታለሁ። በአንዳንድ ቤት እንዲያውም ቁጥር መምቻው ላይ ትንሽ ቁልፍ ይንጠለጠልበት ነበር፣ ልጆች እንዳንደውል። ስለዚያ ስልክ አንድ ነገር አስታውሳለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ ይጮህ ነበር። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ታዲያ ከየት ነበር ጉልበቱ? ከቴሌ። ሁለቱ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ከድምፁ ጋር 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይመጣሉ። ማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ በረድፍ የተደረደሩ ትልልቅ ባትሪዎች አሉ፣ ከጎናቸው ጀነሬተር። የከተማው መብራት ቢጠፋ ባትሪው ይረከባል። እናንተ ቤት ጨለማ ነው፣ ስልኩ ግን አልሰማም።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ጉልበቱን ከራሱ መስመር የሚያገኘው ስልክ ለብዙ ትውልድ ስላገለገለን «ስልክ መብራት ይፈልጋል» የሚለው ሐሳብ ራሱ ጭንቅላታችን ውስጥ አልገባም። አይፒ ስልክ ሲመጣ ግን ያ ባትሪ ከኛ ጋር አልመጣም። ቴሌ ቤት ቀረ። ማንም «ከዛሬ ጀምሮ ባትሪው የእናንተ ኃላፊነት ነው» ብሎ አልነገረንም።

ይሄ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች የድሮውን የመዳብ ስልክ አገልግሎት እስከ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ለመዝጋት እየሠሩ ነው። እዚያም የተነሳው ትልቁ ጥያቄ ይሄው ነው፤ መብራት ሲጠፋስ? የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም፣ በቤት ስልክ ላይ ብቻ ጥገኛ የሆኑ ደንበኞች መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማድረግ የሚችሉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ኩባንያዎቹን አዟል።

«ሞባይል እያለ ምን ችግር አለው?» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ክሊኒኩ ካርዱ ላይ ያተመው የጠረጴዛውን ቁጥር ነው፤ የተጨነቀ ሰው የሚደውለው ካርዱ ላይ ባለው ነው። ሁለተኛ፣ የእናንተን ሞባይል የሚያነጋግረው ታወር ራሱ የሚቆመው በ48 ቮልት ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ ወዲያው የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ መጥፋቱ ሲረዝም የሚጠፋውም ለዚሁ ነው። ከባትሪ ማምለጥ የለም። ጥያቄው ባትሪው የት ይቀመጥ፣ ማንስ ይጠብቀው የሚል ብቻ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ዶክተሯ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃ ከሸኘችው በኋላ ቢሮዋ አስገባችኝ። «አልቆጣህም» አለች። «ግን ደግሞ እንዳይፈጠር ምን እናድርግ? ገንዘቡን አይቼ ልወስን።» ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩላት። ለጠረጴዛ ስልክ መብራት የሚሰጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንዱ አዳፕተር ነው፣ እኔ የተሸወድኩበት። ለአንድ ለሁለት ስልክ ችግር የለውም። ለ14 ስልክ ግን 14 ሶኬት፣ 14 አዳፕተር፣ 14 የሚነቀል ነገር ማለት ነው። ጽዳት የምትሠራ እህት ማጽጃ ማሽኗን ልትሰካ ብላ አንዱን ነቀለች እንበል፤ በቃ፣ ያ ስልክ እስከ ነገ ሞቷል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ዩፒኤስ ካልገዛችሁ ሁሉም አብረው ይሞታሉ።

ሁለተኛው ኢንጀክተር የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው። በስዊቹና በስልኩ መካከል ይገባና በዚያው የኢንተርኔት ገመድ ላይ መብራት ይጨምርበታል። ስዊች መቀየር ሳያስፈልግ ሁለት ሦስት ወሳኝ ስልኮችን ለማዳን ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ራሱ መብራት የሚሰጥ ስዊች ነው፤ በሙያው ቋንቋ ፒኦኢ ስዊች። አንድ ገመድ ዳታውንም ጉልበቱንም ይዞ እስከ ጠረጴዛው ይሄዳል። ከስልኩ ጀርባ አዳፕተር የለም። ዩፒኤስ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ስዊቹ ጋ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ይሄ እኮ የድሮው የቴሌ አሠራር ነው» አለች። ልክ ነች። ፒኦኢ የሚልከው ከ44 እስከ 57 ቮልት ነው፣ የድሮው መስመር በነበረበት አካባቢ። ባትሪውን ከየጠረጴዛው ሰብስቦ አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም የማዞሪያ ጣቢያው ሐሳብ ነው። አዲስ ነገር የመሰለን የአያቶቻችን ስልክ ጥበብ ነበር፣ ተመልሶ ደረጃው ሥር የገባ።

አዳፕተር የግድ ከሆነ

ወደ ፒኦኢ ከመግባቴ በፊት አንድ ምክር። አዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ስልክ ያቃጠልኩት ባለማንበቤ ነው። ስልኩ 5 ቮልት የሚፈልግ ነበር፤ አዳፕተሩ ጠፍቶ መርካቶ ሄጄ ጫፉ ልክ የሚገባ አመጣሁ። ልክ ገባ። 12 ቮልት ነበር። ጠረኑ ብቻ ቀረኝ።

የጠረጴዛ ስልኮች ቮልት እንደየሥሪታቸው ይለያያል፤ 5 የሚፈልግ አለ፣ 12 አለ፣ 48 አለ። ቮልቱ ስልኩ ከሚጠይቀው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለም፤ ስልኩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ያነሰ ከሆነ ግን ስልኩ ይበራል፣ ልክ ሲጠራ ወይም ላውድስፒከር ሲከፈት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ስልክ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲጣል ስንቴ አይቻለሁ። በተጨማሪ ፖዘቲቩ መሐል ላይ ይሁን ዳር ላይ የሚያሳየውን ምልክት ከስልኩ ጋር አስተያዩ። ጫፉ መግባቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቀድሞ የሚጠይቅ ሶኬት

የሞባይላችሁ ፈጣን ቻርጀር ዝም ብሎ ጉልበት አይለቅም አይደል? መጀመሪያ ከስልኩ ጋር ይነጋገራል፤ ስንት ትችላለህ ይለዋል፣ ከዚያ ይለቃል። ፒኦኢም እንደዚያው ነው። ገመድ ሲሰካ ስዊቹ በጣም ትንሽ ቮልት ልኮ በዚያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ የመለያ መቋቋሚያ መኖሩን ይፈትሻል። ካገኘ «ይሄ መብራት የሚፈልግ ዕቃ ነው» ብሎ ይለቃል። ካላገኘ ዳታ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁን እዚያ ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት አይቃጠልም።

ይሄ እውነት የሚሆነው ግን ደረጃውን ለጠበቀው ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ነው፤ ከስዊቹ በኩል እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። መንገድ ላይ ገመዱ ጥቂት ስለሚበላ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 12.95 ዋት ነው። በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ ወደ 30 ዋት ከፍ አደረገው፣ በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ ደግሞ እስከ 90 ዋት። ለተራ የጠረጴዛ ስልክ የመጀመሪያው ይበቃል። ትልቅ ስክሪን፣ ካሜራ ወይም ከጎኑ ተጨማሪ የቁልፍ ሰሌዳ ላለው ግን የዕቃውን ወረቀት አይታችሁ ወስኑ።

ገበያ ላይ ሳይጠይቁ በቀጥታ 24 ቮልት የሚለቁም አሉ፤ ፓሲቭ ይባላሉ። ለተወሰኑ የዋይፋይ አንቴናዎች የተሠሩ ናቸው። የቢሮ ስልክ ላይ ከሰካችሁት ወይ አይሠራም ወይ ይጎዳል። ሻጩ «ፒኦኢ ነው» ሲላችሁ «የትኛው?» በሉት። ካርቶኑ ላይ የደረጃው ቁጥር ከሌለ ወደ ሌላ ሱቅ።

ገመዱንም አትናቁ። ርካሹ ገመድ ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። ለዳታ ይሠራ ይሆናል፣ ጉልበት ሲሸከም ግን ይሞቃል፣ ቮልቱም መንገድ ላይ ይወርዳል። ሙሉ መዳብ ግዙ፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ።

9ኙ በሩ፣ 5ቱ ጨለሙ

ዶክተሯ ፒኦኢ ስዊቹን ፈቀደች። 16 ቀዳዳ፣ ጠቅላላ አቅሙ 150 ዋት። ስልኮቹን ለክቻቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው 4 ዋት ገደማ ነው የሚወስዱት። 14 በ4 ሲባዛ 56። «ይተርፈዋል» ብዬ ሰካሁ። 9 ስልኮች በሩ። አምስቱ ጨለሙ።

ላቤ መጣ። ያው እንደገና ልዋረድ ነው ብዬ። ነገሩ ግን የሴቲንግ ጉዳይ ነበር። ስዊቹ አቅሙን የሚያከፋፍለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «ይህ ስልክ ቢበዛ ይሄን ያህል ሊወስድ ይችላል» ብሎ ለእያንዳንዱ ሙሉውን 15.4 ዋት መያዝ ነው። 150ን ለ15.4 ስታካፍሉት 9 ነገር ነው የሚወጣው። ዘጠኝ ሰዎች ወንበሩን ሁሉ በቦርሳ ይዘው አምስቱ ቆመው ቀሩ እንደማለት። ሁለተኛው መንገድ በእርግጥ በሚወሰደው ጉልበት ማስላት ነው። ወደዚያ ስቀይረው አምስቱም በሩ።

ስለዚህ ስዊች ስትገዙ የቀዳዳውን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። 48 ቀዳዳ ኖሮት ጠቅላላ አቅሙ 370 ዋት ብቻ የሆነ ስዊች አለ። ሁሉም ቀዳዳ ሙሉ 15.4 ቢስብ ይሄ የሚበቃው ለ24ቱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሴቲንግ ቅድሚያ ነው። አቅም ሲያጥር ስዊቹ ማንን ይቁረጥ? ካልነገራችሁት በቁጥር ቅደም ተከተል ወይም በራሱ መንገድ ይመርጣል። እኛ የእንግዳ መቀበያ፣ የማዋለጃ፣ የድንገተኛና የፋርማሲ ስልኮችን ከፍተኛ ቅድሚያ ሰጠናቸው። የዶክተሯ የራሷ ቢሮ ዝቅተኛ ሆነ። «የኔ ይቆረጥ» ያለችው ራሷ ናት።

12፡00 ስንት ሰዓት ነው?

አንዱን ደግሞ ሳልነግራችሁ ባልፍ አይሆንም። ስዊቹ በሰዓት የሚሠራ መቆጣጠሪያ አለው። የሂሳብና የአስተዳደር ቢሮዎች ማታ ሰው ስለሌላቸው ስልኮቻቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይጥፉ አልን፤ ባትሪም ይቆጥባል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ገብቶ ሞላ፤ ማጥፊያ 12፡00፣ ማብሪያ 02፡00።

በማግስቱ ቀን 6 ሰዓት ላይ የሂሳብ ክፍል ስልኮች ሁሉም ድብን አሉ። ስዊቹ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው! የሱ 12፡00 የኛ ቀትር ነው፣ የሱ 02፡00 ደግሞ የኛ ሌሊት 8 ሰዓት። ቀን ሠራተኛው ሲፈልጋቸው ጠፍተው፣ ሌሊት ለአይጥ ሊበሩ ነበር። ትክክሉ 18፡00 እና 08፡00 ነው። ቢሮው ሙሉ ሳቀብን። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ውስጤ ያሰበው ሌላ ነው፤ ይሄ ስህተት የማዋለጃው ስልክ ላይ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ወሳኝ ስልክ ላይ የሰዓት ሴቲንግ አልነካም። የስዊቹንም ሰዓት ሁሌ ከሞባይሌ ጋር አስተያያለሁ።

ባትሪው ስንት ደቂቃ ያቆያል?

ዩፒኤስ ልትገዙ ስትሄዱ «ባለ 1500 ቪኤ ነው» ይሏችኋል። ይሄ የሚነግራችሁ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ የሚነግራችሁ ውስጡ ያለው ባትሪ ነው። ፓወር ባንክ ስትገዙ ሚሊ አምፔር ሰዓቱን እንደምታዩት ማለት ነው።

እኛ የገዛነው ዩፒኤስ ሁለት ባትሪ አለው፤ እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት። 12 በ9 ሲባዛ 108፣ የሁለቱ 216 ዋት ሰዓት። ለንጽጽር፣ 10,000 የሚል ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ከባድ ሳጥን ስድስት ፓወር ባንክ አያክልም! ከዚያ ላይ ወደ 220 ቮልት ሲቀየር የሚባክን አለ፣ ባትሪውም ቶሎ ሲሳብ ሙሉውን አይሰጥም። እኔ ለጥንቃቄ 60 በመቶውን ብቻ ነው የማስበው፤ 130 ዋት ሰዓት በሉት።

አሁን ጭነቱን ደምሩ። 14 ስልክ 56 ዋት። ስዊቹ ለራሱ 20። የውስጥ ጥሪዎችን የሚያገናኘው ሳጥን 12። ራውተሩ 15። የፋይበሩ ሞደም 10። ድምሩ 113 ዋት። 130ን ለ113 ስናካፍል 1 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ወሳኞቹን አራት ስልኮች ብቻ ብናስቀርስ? ጭነቱ ወደ 73 ዋት ይወርዳል፣ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይረዝማል። አሥር ስልክ መስዋዕት አድርገን ወደ 40 ደቂቃ አተረፍን።

ዩፒኤሱን የሰካነውም ጀነሬተሩ በሚያበራው መስመር ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን የባትሪው ዋና ሥራ ጋሼ ጀነሬተሩን እስኪያስነሱ ያሉትን ደቂቃዎች መሸፈን ይሆናል። እነዚያ ደቂቃዎች ትንሽ እንዳይመስሏችሁ። አይፒ ስልክ መብራት ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ቢጠፋበት እንኳን ተነስቶ፣ ሴቲንጉን ጭኖ፣ መስመር እስኪይዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል።

ሶኬቱን የነቀልኩበት ቀን

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ዶክተሯ «ይሠራል?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን «አዎ» ብዬ ፈርሜ እሄድ ነበር። አሁን ግን «እንየው» አልኩ። እሑድ ከሰዓት፣ ታካሚ በሌለበት፣ ሲስተርንና ጋሼን ጠርቼ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን ብሬከር አወረድኩት። ጀነሬተሩንም «ለጊዜው ይቆይ» አልኳቸው።

ጨለማ። ስልኮቹ ግን በርተዋል። ሲስተር እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሞባይሌን አውጥቼ የክሊኒኩን ቁጥር ደወልኩ። አይሠራም! ስልኮቹ እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ፣ ከውጭ ግን አይገባም። ዕቃ ክፍሏ ውስጥ በሞባይል መብራት ስፈልግ አገኘሁት። የፋይበሩ ሞደም ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቷል፣ ግን ዩፒኤሱ ካሉት መሰኪያዎች ግማሾቹ ከመብራት መዋዠቅ ብቻ የሚከላከሉ ናቸው፤ ባትሪ የላቸውም። ሞደሙ የተሰካው እዚያኛው ረድፍ ላይ ነበር። አንድ ስንዝር ወደ ግራ አዛወርኩት። ደወልኩ። ስልኩ ጮኸ።

ያን ዕለት ባልነቅል ኖሮ ሁሉም መብራቱ በርቶ፣ ስክሪኑ አምሮ፣ የሚቀጥለው አባት ሰባት ጊዜ ይደውል ነበር። ከስልኩ እስከ ቴሌ ገመድ ድረስ ያለው ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ባትሪ ከሌላት የሌሎቹ መብራት ለዓይን ብቻ ነው።

ለእናንተ ቢሮ

አብዛኞቻችሁ የቢሮ ስልክ ገጣሚ አትሆኑም። ግን ሥራ ትቀጠራላችሁ፣ ሱቅ ትከፍታላችሁ፣ ከጓደኛ ጋር ትንሽ ድርጅት ታቋቁማላችሁ። ያኔ ገጣሚውን እነዚህን ጠይቁት። ስልኩ ጉልበቱን ከየት ነው የሚያገኘው? መብራት ሲጠፋ የትኛው ስልክ ነው የማይጠፋው፣ ለስንት ደቂቃስ? ስዊቹ፣ ራውተሩና ሞደሙ ሁሉም ባትሪ ላይ ናቸው? ጀነሬተር ካለ ያ ሶኬት መስመሩ ውስጥ አለ? ስልኩ ጭራሽ ከጠፋ ጥሪው ወደ ማን ሞባይል ይዞራል? ከዚያ «አሁን ንቀልና አሳየኝ» በሉት። የማይነቅል ገጣሚ ራሱን አላመነም ማለት ነው።

የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ እንደ ሞባይል ባትሪ ያረጃል። የተለመደው ዓይነት ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ሙቀት ካለበት ከዚያም ያንሳል። የተቀየረበትን ቀን በማርከር ላዩ ላይ ጻፉት፣ በየጥቂት ወሩም ንቀሉና ፈትኑት። መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ተጽፈው ይለጠፉ። ስልኩ ቢሠራ እንኳን በድንጋጤ ቁጥር ይጠፋል።

ለዚያ አባት በመጨረሻ መልሱን ሰጥቼዋለሁ። ዶክተሯ ቁጥሩን ሰጥታኝ ደወልኩለት። «ስልኩ ያልተነሳው እኔ የሶኬቱን መስመር ሳላጣራ ስለገጠምኩት ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «እሺ፣ አሁን ተስተካክሏል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «በቃ። የሌላ ሰው ሚስት እንዳትቸገር ብዬ ነው» ብሎ ዘጋው።

ባለፈው ሰሞን ማታ ሰፈሬ መብራት ጠፋ። ክሊኒኩም ያው አካባቢ ነው። ሻማ ከመፈለጌ በፊት እጄ ወደ ሞባይሌ ሄደ። ደወልኩ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ ተነሳ።

«ሄሎ፣ ምን እንርዳዎት?» የሲስተር ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ ሲስተር። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ልሞክረው ብዬ ነው።»

«እንዴ፣ አንተ ነህ? ይሠራል፣ ይሠራል። በል ዝጋው፣ መስመሩን አትያዝብን። ሰው ይደውል ይሆናል።»

ዘጋሁት።